ከመሬት በታች ያለ ሽርክና

በራቤል አካባቢ፣ በመንዝና በግሼ ደጋ፣ በክረምት ወራት በገብስና በባቄላ ማሳ ዳር ብታልፉ፣ በአንድ በኩል ቅጠሉ የሰፋና የለመለመ አዝመራ፣ በሌላ በኩል ደግሞ የቀጨጨ ታያላችሁ። ብዙ ሰው ልዩነቱን ከዝናብ ወይም ከዘር ብቻ ይቆጥረዋል። ነገር ግን የቅጠል ብርታት፣ ለዓይን በማይታይና ከመሬት በታች በሚካሄድ ሽርክናም ይወሰናል።

ይህ ሽርክና በዕፅዋት ሥርና በፈንገስ መካከል የሚደረግ ነው። ፈንገስ የሻጋታና የእንጉዳይ ወገን ነው፤ ይሁን እንጂ ሁሉም ጎጂ አይደለም። ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ አልበርት በርንሃርድ ፍራንክ በ1885 እ.ኤ.አ. ኅብረቱን «ማይኮራይዛ» ብሎ ሰየመው፤ ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን «የፈንገስ ሥር» ማለት ነው።

የሽርክናው ዋና ጉዳይ ፎስፈረስ የተባለው ንጥረ ነገር ነው። ፎስፈረስ ከአፈር ጋር ተጣብቆ ስለሚኖር እንደ ልብ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ሥር በዙሪያው በጥቂት ሚሊሜትር ርቀት ያለውን ወስዶ ከጨረሰ በኋላ ይቸገራል። ከፀጉር የቀጠኑት የፈንገሱ ክሮች ግን ከዚያ አልፈው ብዙ ሴንቲሜትር በመዝለቅ ፎስፈረሱን ለቅመው ለሥሩ ያቀብላሉ።

ፎስፈረሱ ቅጠል ዘንድ ሲደርስ ምን ይሠራል? ቅጠል በፀሐይ ብርሃን ኃይል ከአየርና ከውሃ ስኳር ያዘጋጃል። በዚህ ሥራ ኃይል ተሸካሚ የሆኑት ውሁዶች ፎስፈረስ ያለባቸው ናቸው፤ ስኳሩም ከተዘጋጀበት ክፍል የሚወጣው በፎስፌት ልዋጭ ነው። ፎስፈረስ ሲያንስ ስኳሩ ወደ ስታርችነት ተለውጦ እዚያው ይከማቻል፤ ሥራው ይዘገያል፤ አዳዲሶቹ ቅጠሎችም ትንንሽ ይሆናሉ። ፎስፈረስ ሲሟላ ግን ቅጠሉ ይሰፋል፤ ፈንገሱ ስኳር ስለሚስብም ቅጠሉ ይበልጥ ለማዘጋጀት ይተጋል።

ፈንገሱ በነፃ አያገለግልም። ተክሉ ካዘጋጀው ምግብ ከመቶ ከ4 እስከ 20 እጅ የሚሆነውን ይከፍለዋል። ባለመሬትና ባለበሬ ተስማምተው አርሰው ምርቱን እንደሚካፈሉ ማለት ነው። አፈሩ በፎስፈረስ የጠገበ እንደ ሆነ ግን ተክሉ ሽርክናውን ይቀንሳል።

ሁሉም ተክል አይሻረክም፤ ጎመንና ግብጦ ያለ ፈንገስ ይኖራሉ። ባቄላ በአንጻሩ ሁለት ሸሪኮች አሉት፤ እነርሱም ናይትሮጂን የሚያቀርቡለት ባክቴሪያዎችና ፎስፈረስ የሚያቀርብለት ፈንገስ ናቸው። ተስፋዬ ውበትና ባልደረቦቹ በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ጽድንና ወይራን የመሳሰሉ የኢትዮጵያ ደጋ ዛፎችም ይህ ሽርክና እንዳላቸው አሳይተዋል።

እንግዲህ አፈርን ከምሮ ማቃጠልም ሆነ አለመጠን ደጋግሞ መገልበጥ ክሮቹን ያጠፋል ወይም ይበጣጥሳል። ስለዚህ የቀጨጨ ቅጠል ባያችሁ ጊዜ ወደ ሰማይ ብቻ አትመልከቱ፤ አፈሩ እንዴት እንደ ተያዘም መርምሩ።