ብርሃንን ያለዘበ ብርጭቆ

ሻማን ብታዘነብሉት ነበልባሉ አብሮት አያዘነብልም። የጋለ አየር በዙሪያው ካለው አየር ስለሚቀል ሽቅብ ይወጣል፤ ነበልባሉንም ይዞት ይወጣል። ይህች ትንሽ የተፈጥሮ ሕግ የፈረንሳይን የግድግዳ መብራቶች መልክ ለዘመናት ወስናለች። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከነሐስ የተሠሩት መብራቶች ከግድግዳው ወጣ ብለው ወደ ላይ የሚታጠፉ ክንዶች አሏቸው። ፈረንሳዮችም «ብራ ደ ሉሚዬር» ይሏቸዋል፤ የብርሃን ክንድ ማለት ነው።

በዚያ ዘመን የመብራት ሠሪው ጭንቀት የብርሃን ማነስ ነበር። አንድ ሻማ የሚሰጠው 12 ሉመን ያህል ሲሆን፣ ለረጅም ጊዜ የለመድነው ባለ ክር 60 ዋት አምፖል ግን 800 ሉመን ገደማ ይሰጣል። ስለዚህ ከሻማው ኋላ መስታወት ተደርጎ ብርሃኑ ወደ ክፍሉ እንዲመለስ ይደረግ ነበር። ነሐሱም በወርቅ ይለበጣል። ወርቅ ሰማያዊውን ብርሃን ይውጣል፤ ቢጫውንና ቀዩን መልሶ ይረጫል። የሻማ ብርሃን ደግሞ አብዛኛው ቢጫና ቀይ ስለሆነ፣ ወርቁ ከዚያች ጥቂት ብርሃን የሚያባክነው እምብዛም ነው። ዋጋውን የከፈለው ግን አንጥረኛው ነበር። ወርቁ በሜርኩሪ ተለውሶ ነሐሱ ላይ ይቀባል፤ በእሳት ሲሞቅ ሜርኩሪው ተንኖ ወርቁ ይቀራል። ያንን መርዛማ ትነት ሲተነፍሱ የኖሩ ባለሙያዎች ጤናቸውን አጥተዋል።

እ.ኤ.አ. በ1881 ፓሪስ ባስተናገደችው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ኤግዚቢሽን የኤዲሰን አምፖል ለሕዝብ ታየ። በአምፖል ውስጥ ያለው የሚግል ክር ሽቅብ ቢሰቀልም ቁልቁል ቢንጠለጠልም ያው ያበራል። የመብራት ሠሪው እጅ ያኔ ተፈታ፤ የመብራቱ የብርጭቆ ሽፋን እንደ አበባ አንገቱን ደፍቶ ወደ ታች መፍካት ቻለ። ችግሩ ግን ተገለበጠ። ትናንት ብርሃን ያነሰው ሰው ዛሬ ዓይኑን የሚወጋ ብርሃን በዛበት። ሽፋኑ አሁን ብርሃኑን ማለዘብ ነበረበት።

ይህን ሥራ ከማንም በላይ የተራቀቁበት በፈረንሳይ ሎሬን ግዛት የምትገኘው የናንሲ ከተማ ብርጭቆ ሠሪዎች ናቸው። ዕፅዋትን አጥብቆ ያጠና የነበረው ኤሚል ጋሌ፣ እንዲሁም ኦጉስትና አንቶናን የተባሉት የዶም ወንድማማቾች በ1900ው የፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ታላቁን ሽልማት ተቀበሉ። በማግስቱ ዓመት «የናንሲ ትምህርት ቤት» የተባለው የጥበበኞች ማኅበር ጋሌን ፕሬዚዳንት አድርጎ ተቋቋመ።

አሠራራቸው እንዲህ ነው። የቀለጠው ብርጭቆ በሌላ ቀለም ብርጭቆ ይለበሳል፤ በዚያ ላይ ሌላ ይደረባል። ድርቦቹ ሲቀዘቅዙ እኩል ካልተኮማተሩ ዕቃው ይሰነጠቃልና የእያንዳንዱ ብርጭቆ ቅመም በጥንቃቄ ይመጠናል። ኮባልት ሰማያዊ፣ ማንጋኒዝ ሐምራዊ፣ በውስጡ የተበተኑ እጅግ ደቃቅ የወርቅ ቅንጣቶች ደግሞ ደማቅ ቀይ ይሰጡታል። ከዚያ ሊተርፍ የሚገባው ሥዕል አሲድ በማይደፍረው ቅብ ይሸፈንና ዕቃው ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ውስጥ ይገባል። አሲዱ ያልተሸፈነውን ይበላል። ድርቡ በሳሳበት ብርሃኑ ይፈካል፣ በወፈረበት ይጠቁራል። አምፖሉ ሲበራ የተሣለው ቅጠል ከፊት፣ ሐይቁ ከኋላ ሆኖ የሚታየን በዚህ የውፍረት ልዩነት ነው።

ሌላው ፈረንሳዊ ብርጭቆ ሠሪ ረኔ ላሊክ ደግሞ ከቀለም ይልቅ በብርጭቆው ውስጥ በሚበተነው ብርሃን ተጠበበ። ወተት መሳዩ ብርጭቆው ሲቀዘቅዝ በውስጡ ደቃቅ ቅንጣቶች ይፈጠራሉ። እነሱም አጭር ሞገድ ያለውን ሰማያዊ ብርሃን ከሌላው አብልጠው ይበትናሉ። ስለዚህ ብርጭቆው ከፊቱ ብርሃን ሲያርፍበት ሰማያዊ ይመስላል፤ ከኋላው ሲበራበት ግን የማር ቀለም ይይዛል። ቀን ሰማዩን ሰማያዊ፣ ማታ ጀንበሯን ቀይ የሚያደርገውም ይኸው የብርሃን መበተን ነው። በ1935 ጉዞ የጀመረችው «ኖርማንዲ» መርከብ የመመገቢያ አዳራሿ የቀን ብርሃን አያገኝም ነበር። አዳራሹን ያደመቁት 12 ረጃጅም የላሊክ ብርጭቆ ዓምዶችና በግድግዳው ላይ የተደረደሩ 38 አምሳያዎቻቸው ነበሩ። መርከቧም «የብርሃን መርከብ» ተባለች።

ዛሬ በየቤታችን የሚበራው ኤልኢዲ ከትንሽ ነጥብ ብዙ ብርሃን የሚያፈልቅ ነው፤ የናንሲ ሠሪዎች የገጠማቸው ችግር እኛም ዘንድ አለ። ራቁቱን የተሰቀለ አምፖል ስናይ የዓይናችን ብሌን ይጠባል፤ ጥጋ ጥጉም ይጨልምብናል። ያንኑ አምፖል ወተት መሳይ ብርጭቆ ስናለብሰው ብርጭቆው ጥቂት ብርሃን ያስቀራል፤ የቀረው ግን ከሰፊ ገጽ ስለሚመጣ ዓይን አይወጋም፣ ጥላውም ይለሰልሳል። ከክፍሉ ብርሃን ቀንሰን ክፍሉን ይበልጥ እናያለን። እነዚያ ብርጭቆ ሠሪዎች በአበባና በቅጠል አስጊጠው ያቆዩልን ዕውቀት ይህ ነው።