የድጋፍ አስተባባሪ (አውስትራሊያ)

የድጋፍ አስተባባሪ በአውስትራሊያ አካል ጉዳተኞች በመንግሥት የተፈቀደላቸውን ገንዘብ ወደሚያስፈልጋቸው አገልግሎት እንዲለውጡ የሚያግዝ ባለሙያ ነው። አስተባባሪው ራሱ ሰው አያጥብም፣ አያለብስም፣ ሕክምናም አይሰጥም። ሥራው አገልግሎት ሰጪዎችን ማፈላለግ፣ ከተጠቃሚው ጋር ማገናኘት፣ ውሎችን ማስረዳት፣ አገልግሎት ሲቋረጥ ምትክ መፈለግና ተጠቃሚው ይህን ሁሉ ቀስ በቀስ በራሱ እንዲያከናውን ማስቻል ነው። በዚህ ጽሑፍ አካል ጉዳት ሲባል የአእምሮ ዕድገት ውስንነትን፣ ኦቲዝምን፣ የማየትና የመስማት ጉዳትን እንዲሁም ከአእምሮ ሕመም የሚመጣ ዘላቂ ጉዳትን ይጨምራል።

ታሪክ

ቀደም ሲል በአውስትራሊያ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት የራሱ የአካል ጉዳት አገልግሎት ነበረው። ገንዘቡ በአብዛኛው የሚሰጠው ለድርጅቶች ሲሆን፣ ማን ምን ያህል አገልግሎት እንደሚያገኝም ብዙ ጊዜ የሚወስኑት እነርሱ ነበሩ። የአገሪቱ የምርታማነት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ሪፖርት ይህ አሠራር በቂ ገንዘብ የሌለው፣ የተበታተነና ፍትሐዊ ያልሆነ መሆኑን ገልጾ ብሔራዊ የመድን ሥርዓት እንዲቋቋም ሐሳብ አቀረበ።

በዚሁ መሠረት የብሔራዊ የአካል ጉዳት መድን ሥርዓት ሕግ እ.ኤ.አ. በ2013 ጸደቀ። ሥርዓቱ በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ ኤንዲአይኤስ በመባል ይታወቃል። ሥራው ከሐምሌ 2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተመረጡ ቦታዎች ተሞከረ፤ ከ2016 ጀምሮም ወደ መላ አገሪቱ ተስፋፋ። ለወጪው መሸፈኛ እንዲረዳ የሜዲኬር መዋጮ እ.ኤ.አ. በ2014 ከ1.5 ወደ 2 በመቶ ከፍ ብሏል። በ2023 አጋማሽ የተጠቃሚዎቹ ቁጥር ከ600 ሺህ በላይ ነበር።

አዲሱ ሥርዓት ገንዘቡን ከድርጅቱ ይልቅ ከሰውየው ጋር አያያዘው። ይህም ምርጫን ከነሸክሙ አመጣ። ተጠቃሚው በአንድ ጊዜ ገበያ ውስጥ ገዢ ሆነ፤ ድርጅቶችን ማወዳደር፣ ዋጋ መጠየቅና ውል መፈረም ነበረበት። የድጋፍ አስተባባሪነት በዚህ ክፍተት ላይ የተመሠረተ ሥራ ነው። ተመሳሳይ ሐሳብ ቀደም ሲልም ነበር፤ በምዕራብ አውስትራሊያ «የአካባቢ አስተባባሪ» የሚባለው አሠራር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው።

ዕቅድና በጀት

ወደ ሥርዓቱ ለመግባት አመልካቹ ዘላቂና ከባድ ጉዳት ያለበት መሆን አለበት። ሲያመለክት ዕድሜው ከ65 ዓመት በታች መሆኑና የዜግነት ወይም የነዋሪነት መስፈርት ማሟላቱም ይጠየቃል። ተቀባይነት ሲያገኝ የራሱ ዕቅድ ይዘጋጅለታል። በጀቱ በዋናነት የሚከተሉትን ያካትታል፦

• መሠረታዊ ድጋፍ፦ ለዕለት ተዕለት እንክብካቤ፣ ለመጓጓዣና ለፍጆታ ዕቃዎች፤
• አቅም ግንባታ፦ ለቴራፒ፣ ለሥልጠናና ለመሳሰሉት፤
• ካፒታል፦ ለዊልቸር፣ ለሌሎች መሣሪያዎችና ለቤት ማስተካከያ።

ማስተባበሪያ የሚከፈለው ከአቅም ግንባታው በጀት ነው። ለሁሉም ተጠቃሚ አይፈቀድም፤ ብሔራዊው የአካል ጉዳት መድን ኤጀንሲ ተገቢና አስፈላጊ ነው ብሎ ሲያምን ብቻ ይመደባል።

አገልግሎቱ ሦስት ደረጃዎች አሉት። የመጀመሪያው ተጠቃሚውን ከአገልግሎት ጋር ማገናኘት ነው። ሁለተኛው በብዛት የሚታየው መደበኛ ማስተባበር ሲሆን፣ የተለያዩ አገልግሎቶች ተደጋግፈው እንዲሄዱ ያደርጋል። ሦስተኛው ልዩ ማስተባበር ይባላል፤ ቤት አልባነት፣ እስር ወይም ሌላ ከፍተኛ ችግር ሲደራረብ በሙያው የሠለጠነ ሰው ይመደባል። ከእነዚህ በተጨማሪ ከአእምሮ ሕመም ጋር የተያያዘ ጉዳት ላለባቸው እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ «የማገገም አሠልጣኝ» የሚባል ተቀራራቢ ሥራ ተፈጥሯል።

የሥራው አካሄድ

አስተባባሪው ብዙውን ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው ዕቅዱን ከተጠቃሚው ጋር ቁጭ ብሎ በማንበብ ነው። ገንዘቡ ለምን እንደተፈቀደ፣ ለምን እንደማይውልና ተጠቃሚው በመጀመሪያ ምን እንዲስተካከል እንደሚፈልግ ይለያሉ። ቀጥሎ አገልግሎት ሰጪዎች ይፈለጋሉ። አስተባባሪው ከአንድ በላይ አማራጭ ያቀርባል፤ መራጩ ግን ተጠቃሚው ነው። በውሉ ላይ በተለይ ዋጋው፣ ቀጠሮ ሲሰረዝ የሚከፈለውና ውሉን ለማቋረጥ የሚያስፈልገው የማስጠንቀቂያ ጊዜ ይታያሉ።

የማስተባበር ትርጉም ጎልቶ የሚታየው ሥራዎች እርስ በርስ ሲጠባበቁ ነው። ለምሳሌ ወንዝ ውስጥ ዘሎ ሲገባ አከርካሪው ተጎድቶ ከሆስፒታል ሊወጣ የተዘጋጀን ወጣት እንውሰድ። ቤቱ ለመግባት ራምፕ ያስፈልገዋል። የዊልቸሩ ስፋት ሳይታወቅ ግን በሩ ምን ያህል መስፋት እንዳለበት መወሰን አይቻልም። ዊልቸሩን ለማዘዝ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት፣ ማለትም የሰውን የዕለት ተዕለት እንቅስቃሴ የሚገመግም ባለሙያ፣ ሪፖርት መጻፍ አለበት። ቤቱ የኪራይ ከሆነ የአከራዩ ፈቃድ ይጠየቃል። ሰውን ከአልጋ የሚያነሣው መሣሪያ ሳይመጣ ተንከባካቢዎች ሥራ ቢጀምሩ ደግሞ በደኅና ሊያነሡት አይችሉም። አስተባባሪው የእነዚህን ቅደም ተከተል ይይዛል፤ ቋሚው ዊልቸር እስኪደርስ የሚከራይ ይፈልጋል፤ የዘገየውን ሪፖርት ይከታተላል። ከእነዚህ አንዱ ቢረሳ ወጣቱ ገንዘብ እያለው ሆስፒታል ሊቆይ ይችላል።

ዕቅዱ ከጸደቀ በኋላም ክትትሉ ይቀጥላል። ድርጅቶች ሠራተኛ ሲያጡ ወይም ውል ሲያቋርጡ ምትክ ያስፈልጋል። በገጠርና ራቅ ባሉ አካባቢዎች ቴራፒስት ማግኘት ራሱ ከባድ ነው። የዕቅዱ ዘመን ሲያበቃ አስተባባሪው ምን እንደተሠራና ምን እንደቀረ ሪፖርት ያቀርባል። ያልተሠራበት ገንዘብ በአጠቃላይ ወደሚቀጥለው ዕቅድ ስለማይዛወር፣ ገንዘቡ የተረፈው ስላላስፈለገ ይሁን አገልግሎት ሰጪ ስለጠፋ በሪፖርቱ መግለጽ ለቀጣዩ ዕቅድ ወሳኝ ነው።

የሰዓት ገደብ

ማስተባበር የሚከፈለው በሰዓት ነው። በ2023–24 የዋጋ መመሪያ ለሁለተኛው ደረጃ የተፈቀደው ከፍተኛ ዋጋ በሰዓት 100.14 የአውስትራሊያ ዶላር ነበር። በዚህ ዋጋ ለዓመት 5,000 ዶላር የተመደበለት ሰው የሚያገኘው 50 ሰዓት ያህል ነው፤ ይህም በሳምንት አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ስልክ መደወል፣ ኢሜይል መጻፍና ሪፖርት ማዘጋጀት ከዚሁ ሰዓት ሊቀነሱ ይችላሉ። ስለዚህ ጥሩ አስተባባሪ ሁሉንም ነገር ለተጠቃሚው አይሠራለትም፤ ተጠቃሚው ወይም ቤተሰቡ ሊማሩት የሚችሉትን አብሯቸው ሠርቶ ያስተምራል። ከሥራው ዓላማዎች አንዱ የአስተባባሪውን አስፈላጊነት መቀነስ ነው።

የሥልጣን ወሰን

አስተባባሪው ሞግዚት አይደለም፤ በተጠቃሚው ስም አይወስንም፣ አይፈርምም። ዕቅዱን የሚያጸድቀውም ኤጀንሲው እንጂ እርሱ አይደለም። ተጠቃሚው በውሳኔ ካልተስማማ በሦስት ወር ውስጥ ኤጀንሲው ውሳኔውን እንደገና እንዲያይ መጠየቅ ይችላል። ከዚያም ጉዳዩ ወደ አስተዳደራዊ ይግባኝ ሰሚው አካል ሊሄድ ይችላል። አስተባባሪው ማስረጃ በማሰባሰብ ይረዳል፤ በክርክሩ መቆም ግን የመብት ተሟጋቾችና የሕግ ባለሙያዎች ድርሻ ነው።

የጥቅም ግጭት

በሙያው በጣም ከሚያከራክሩት ጉዳዮች አንዱ የጥቅም ግጭት ነው። አስተባባሪውን የቀጠረው ድርጅት የእንክብካቤ አገልግሎትም የሚሸጥ ከሆነ፣ ተጠቃሚውን ወደ ራሱ ድርጅት መምራት ለገቢው ይጠቅማል። አደጋው የሚብሰው አንድ ድርጅት ቤቱንም፣ እንክብካቤውንም፣ ማስተባበሩንም ሲይዝ ነው። በዚህ ሁኔታ ተጠቃሚው በተንከባካቢው ቢበደል አቤት የሚለው ለዚያው ድርጅት ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። ራሱን የቻለ አስተባባሪ ግን በቤተሰብ ለማይጎበኝ ሰው ከውጭ መጥቶ ሁኔታውን የሚያይ ብቸኛ ሰው ሊሆን ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2018 ሥራ የጀመረው የጥራትና ጥበቃ ኮሚሽን አቤቱታዎችን ይቀበላል። የሥነ ምግባር ደንቡም ድርጅቱ ቢመዘገብም ባይመዘገብም ተፈጻሚ ነው። በደንቡ መሠረት አገልግሎት ሰጪዎች ሥራቸውን በታማኝነትና በግልጽነት ማከናወን አለባቸው፤ ይህም የጥቅም ግጭትን ማሳወቅን ይጨምራል።

የቋንቋ አገልግሎት

በሜልቦርንና በሌሎች ከተሞች የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎችን ጨምሮ እንግሊዝኛ የማይቀናቸው ተጠቃሚዎች በመንግሥት የትርጉም አገልግሎት በኩል ያለክፍያ አስተርጓሚ ማግኘት ይችላሉ። ልጅ ወይም ዘመድ ሲያስተረጉም ተጠቃሚው ስለ ገላ መታጠብ፣ ስለ መጸዳዳት ወይም ስለ ቤተሰቡ ድካም በግልጽ ለመናገር ሊያፍር ይችላል። ኤጀንሲው ዕቅድ ሲያዘጋጅ ከቤተሰብ የሚጠበቀውን እገዛ ከግምት ስለሚያስገባ፣ «እኛው እናስታምመዋለን» ብሎ የሌሊቱን ሸክም ሳይናገር የሚያልፍ ቤተሰብ ከሚያስፈልገው ያነሰ ድጋፍ ሊፈቀድለት ይችላል። ቤተሰቡ የሚሠራውን በሰዓት ቆጥሮ እንዲያስረዳ መርዳት የአስተባባሪው ተግባር ሊሆን ይችላል።

የማሻሻያ ሐሳብ

በመንግሥት የተቋቋመው ገለልተኛ የግምገማ ቡድን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ይፋ ባደረገው ሪፖርት፣ የአካባቢ አስተባባሪዎች፣ የድጋፍ አስተባባሪዎችና የማገገም አሠልጣኞች ሥራ «መንገድ መሪ» በሚባሉ ባለሙያዎች እንዲተካ ሐሳብ አቅርቧል። በዚህ ሐሳብ መሠረት መንገድ መሪው ለሥርዓቱ ተጠቃሚዎች ብቻ ሳይሆን ዕቅድ ለሌላቸው አካል ጉዳተኞችም ያገለግላል፤ ከአገልግሎት ሻጮችም የተለየ ይሆናል።