ባሕሩ የፌዴራል፣ ቢሉ የግዛቱ

የአሜሪካዋ ሜሪላንድ በ2013 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባወጣችው የባሕር ላይ ነፋስ ኃይል ሕግ ውስጥ አንድ ትንሽ ቁጥር አለች፤ 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም። በወር 1,000 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤተሰብ፣ ለምሳሌ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ አባወራ፣ በመጀመሪያዎቹ ፕሮጀክቶች ምክንያት የመብራት ቢሉ በወር ከዚህ በላይ እንዳይጨምር ሕጉ ጣሪያ አበጅቷል። ሒሳቡ የሚሠራው በ2012 የዶላር ዋጋ ነው። አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ስለሚቆሙ ግዙፍ ማሽኖች የወጣ ሕግ ይህን ያህል ስለ ቤት ቢል መጨነቁ ግር ያሰኝ ይሆናል። ነገሩ ወዲህ ነው፤ ማሽኖቹ የሚቆሙበት ባሕር የሜሪላንድ አይደለም።

ኮንግረስ በ1953 ባወጣው ሕግ መሠረት የባሕር ጠረፍ ያላቸው ግዛቶች የሚያዙት ከዳርቻው እስከ 3 ኖቲካል ማይል፣ ማለትም 5.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ባለው የባሕር ወለል ላይ ነው። ቴክሳስና ፍሎሪዳ ብቻ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ በኩል የዚያን ሦስት እጥፍ ያህል ያገኛሉ፤ የቆየ የድንበር ታሪክ ያመጣው ልዩነት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው የፌዴራል መንግሥት ነው። በ2005 የወጣው የኢነርጂ ፖሊሲ ሕግ ደግሞ በዚያ ውሃ ላይ ለነፋስ ኃይል ቦታ የማከራየቱን ሥልጣን ለፌዴራሉ የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ሰጥቷል።

የነፋስ ኃይል ኩባንያዎች ያን ያህል ርቀው የሚሄዱት አንድም ለነፋሱ፣ አንድም ለዕይታ ሲሉ ነው። የነፋስ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የሚሸከመው ኃይል ስምንት እጥፍ ይሆናል። በሰከንድ 7 ሜትር ይነፍስ የነበረው 8 ሜትር ቢሆን እንኳ፣ ይህች የ14 በመቶ ጭማሪ ኃይሉን በግማሽ ያህል ታሳድገዋለች። ነፋሱን የሚያዳክም ኮረብታ፣ ዛፍና ፎቅ የሌለበት ባሕር ተፈላጊ የሆነው ለዚህ ነው።

የዕይታው ጉዳይ ግን ከፊዚክሱ ይልቅ ብዙ አጨቃጭቋል። የ2013ቱ የሜሪላንድ ሕግ ተርባይኖቹ ከጠረፍ ከ10 እስከ 30 ማይል ባለው ክልል ውስጥ እንዲሆኑ ያዝዝ ነበር። የመዝናኛ ከተማዋ ኦሽን ሲቲ በዚህ አልረካችም፤ እንግዶቿ ፀሐይ ስትወጣ ሊያዩ መጥተው ብረት እንዲያዩ አትፈልግም። በኋላ ዩኤስ ዊንድ የተባለው ኩባንያ ቅርብ የነበሩትን ተርባይኖች ወደ 17 ማይል፣ ማለትም ወደ 27 ኪሎ ሜትር ለመግፋት ቃል ገብቶ ነበር። ታዲያ 27 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ነገር ይታያል? ዳርቻው ላይ የቆመ ሰው ዐይኑ ከውሃው 1.7 ሜትር ከፍ ቢል፣ አድማሱ 4.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያበቃል። ከዚያ በኋላ መሬት ክብ በመሆኗ ዕቃዎች ከሥራቸው ጀምሮ እየተሸፈኑ ይሄዳሉ። በ27 ኪሎ ሜትር ላይ የሚሸፈነው ግን 40 ሜትር ያህል ብቻ ነው። የክንፉ ጫፍ 260 ሜትር የሚደርስ ተርባይን ከሆነ 220 ሜትሩ ከአድማስ በላይ ይቀራል፤ ቁመቱም በዐይን ሲለካ ከሙሉ ጨረቃ ስፋት ጥቂት ያንሳል። እንግዲህ «አይታይም» የሚለውም፣ «አድማሱን ይዘጋዋል» የሚለውም አጋኗል።

ግዛቱ በእርግጥ ሊያዝበት የሚችለው ቢሉ ነው። ኩባንያው የፌዴራል ፈቃድ ቢያገኝም፣ ኤሌክትሪኩን በገበያ ዋጋ ብቻ ሸጦ ወጪውን አይመልስም። ስለዚህ የግዛቱ የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን ፊት ይቀርባል። ኮሚሽኑ በ180 ቀናት ውስጥ ወጪና ጥቅሙን አስመርምሮ ይወስናል። ካጸደቀ፣ ኩባንያው ላመነጨው ለእያንዳንዱ ሜጋዋት ሰዓት የምስክር ወረቀት ያገኛል፤ ዋጋውም በቢሎች በኩል ይከፈለዋል። ኃይል ካልመነጨ ክፍያ የለም። ኮሚሽኑ በ2017 የዩኤስ ዊንድን ፕሮጀክትና ስኪፕጃክ የተባለውን ሌላ ፕሮጀክት በዚህ መንገድ አጽድቋል፤ ሁለቱ ተደምረው 368 ሜጋዋት ነበሩ።

የፖቶማክን ወንዝ ወደ ቨርጂኒያ ስንሻገር ሕጉ ሌላ ነው። የ2020ው የቨርጂኒያ ሕግ ዶሚኒየን የተባለው የመብራት ኩባንያ ራሱ ተርባይን ተክሎ ወጪውን ከደንበኞቹ እንዲሰበስብ መንገድ ከፈተ። በዚህም የአሌክሳንድሪያ ነዋሪ የ176ቱን ተርባይኖች ወጪ መክፈል የጀመረው አንዱም ሳይሽከረከር ነው። ወጪው 9.8 ቢሊዮን ዶላር ተብሎ ተገምቶ ከ10 ቢሊዮን አልፏል። ለደንበኛው የሜሪላንዱ ሕግ ይሻላል፤ ጥያቄ የለውም። ይሁን እንጂ አደጋውን ሁሉ ኩባንያው ላይ የጣለ ሕግ ኩባንያው ሲሸሽ የሚይዝበት የለውም። ወለድና የዕቃ ዋጋ ሲንር የስኪፕጃክ ባለቤት ኦርስቴድ በጥር 2024 ፕሮጀክቱን ከሜሪላንድ ውል አወጣ። የቨርጂኒያዎቹ ምሰሶዎች ግን በዚያው ዓመት ባሕር ውስጥ መተከል ጀመሩ።

ግዛቶች እጃቸውን የሚያስገቡበት ሌላው በር ኬብሉ ነው። ኤሌክትሪኩ የግድ 3 ኖቲካል ማይሉን አቋርጦ፣ አሸዋውን በሥሩ አልፎ፣ ማከፋፈያ ጣቢያ መድረስ አለበት። የዩኤስ ዊንድ ኬብል እንዲወጣ የታቀደው ደግሞ በሜሪላንድ ሳይሆን በጎረቤቷ ደላዌር ነው። በታኅሣሥ 2024 በዚያ ያለው የሰሴክስ ካውንቲ ምክር ቤት የማከፋፈያ ጣቢያውን ፈቃድ ከለከለ። ከፌዴራል መሥሪያ ቤት ጀምሮ ዓመታት የፈጀ ሰነድ አንድ ካውንቲ ደጃፍ ላይ ቆመ ማለት ነው። የደላዌር ሕግ አውጪዎች በ2025 ካውንቲው እንዲህ ያለውን ጣቢያ እንዳይከለክል የሚያደርግ ሕግ አወጡ። ኒው ጀርሲ በ2021 ተመሳሳይ ሕግ አውጥታ ነበር፤ ሆኖም ሕጉ በዋናነት ያገለግለዋል የተባለውን ፕሮጀክት ኦርስቴድ በ2023 ሰርዞታል።

ከላይ ያለው የፌዴራሉ በር ግን በግዛት ሕግ አይከፈትም። በጥር 2025 ዶናልድ ትራምፕ ሥልጣን በያዙበት ቀን አዲስ የባሕር ላይ ነፋስ ኪራይና ፈቃድ እንዲቆም አዘዙ። በዚያው ወር የሜሪላንድ ኮሚሽን ዩኤስ ዊንድ እስከ 1,710 ሜጋዋት እንዲያስፋፋ አጸደቀ። የዓመቱ አጋማሽ ካለፈ በኋላ ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት ከወራት በፊት ራሱ የሰጠውን የግንባታ ፈቃድ ለመሻር ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። የሲልቨር ስፕሪንጉ አባወራ ቢል ላይ ግን እስከ 2025 ማብቂያ ለዚህ ፕሮጀክት የታከለ ሳንቲም የለም፤ ሕጉ እንደሚለው፣ ያልመነጨ ኃይል አይከፈልበትም።