ቤንዚን ውስጥ የገባ ውሃ፦ ከሞተር ሳይክልዎና ከመስኖ ሞተርዎ እንዴት ያወጡታል?

ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ገበያ ወደ ቀበሌዎ ሲመለሱ ሞተር ሳይክልዎ እየተንተፋተፈ ከቆመ፣ ወይም ለሽንኩርትና ለበርበሬ ማሳዎ ውሃ የሚስበው ሞተር ጥቂት ሠርቶ እየጠፋ ካስቸገረዎ፣ ካንዴላ ከመለወጥዎና ሞተሩን ከማስፈታትዎ በፊት ቤንዚኑን ይመልከቱ። ችግሩ ውሃ ከሆነ አንድ ካቻቢቴና አንድ ንጹሕ ሃይላንድ ይበቃዎታል። ተክሉ ውሃ በጠማው ሳምንት ሞተር ጋራዥ ማሳደር ስንት እንደሚያስከፍል እርስዎ ያውቁታል።

ውሃው በአብዛኛው የሚገባው በጀሪካን ነው። ማደያ ለራቀው ሰው ቤንዚን የሚደርሰው በጀሪካን ስለሆነ፣ ትናንት ውሃ የተቀዳበት ዕቃ ሳይደርቅ ዛሬ ቤንዚን ይሞላበታል። ሁለተኛው መግቢያ የታንኩ ክዳን ነው፤ ላስቲኩ ከተሰነጠቀ ከሰኔ እስከ መስከረም ደጅ ያደረ ሞተር ዝናብ ይጠጣል። ታንኩ ጎደሎ ሆኖ ለወራት ከቆመ ደግሞ ቀን የሞቀው አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ እርጥበቱን በታንኩ ግድግዳ ላይ ይተዋል። ይህ ጥቂት ቢሆንም ይጠራቀማል፤ ታንኩንም ያዝጋል።

አንድ ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ይመዝናል፤ አንድ ሊትር ቤንዚን ግን ወደ 0.75 ኪሎ ነው። ስለዚህ ውሃው ይዘቅጣል። ሞተሩ የሚጠጣው ደግሞ ከታች ነው። ታንኩ ሙሉ ሆኖ ሳለ ጥቂት ውሃ ሞተሩን የሚያቆመው ለዚህ ነው። ወደ ሪዘርቭ ሲያዞሩት የሚጠፋ ሞተርም በዚሁ ምክንያት ይጠርጠር፤ ሪዘርቭ የሚስበው ከታንኩ ወለል አጠገብ ነውና።

ሥራውን ደጅ ላይ፣ ከምድጃና ከሲጋራ ርቀው፣ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ይጀምሩ። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ሄዶ እሳት ያለበት ይደርሳል። በኩራዝ ብርሃን ፈጽሞ አይሞክሩት። ቤንዚን በአፍ መሳብም ሳንባን ይጎዳል።

ሞተሩን በደልዳላ ቦታ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳያንቀሳቅሱ ያቁሙት፤ ውሃው እንዲወርድ ነው። የቤንዚኑን መክፈቻ ይዝጉ። ከካርቡሬተሩ ሥር ባለው ኩባያ ላይ ትንሽ የማፍሰሻ ብሎን ያገኛሉ። ሃይላንዱን ከሥሩ ደግነው ብሎኑን ያላሉት እንጂ ነቅለው አያውጡት። ኩባያው ከተራገፈ በኋላ መክፈቻውን ወደ ሪዘርቭ አዙረው ጥቂት ያፍስሱና መልሰው ይዝጉ።

አሁን ሃይላንዱን አስቀምጠው ይጠብቁ። ውሃ ካለ ከታች ለብቻው ይለያል፤ በመካከል መሥመር ይታያል። መሥመር ካልታየ ግን ለመደሰት አይቸኩሉ፤ የወረደው ሁሉ ውሃ ሊሆን ይችላል። ጥቂት የውሃ ጠብታ ይጨምሩበት። ጠብታው እንደ ዶቃ ተንከባሎ ታች ከተቀመጠ የያዙት ቤንዚን ነው፤ ተቀላቅሎ ከጠፋ ውሃ ነው። ጠብታ ሳይጨምሩም መሥመር የሌለበት ንጹሕ ቤንዚን እስኪወርድ ድረስ ማፍሰሱን ይደጋግሙ።

ብሎኑን አጥብቀው፣ የፈሰሰውን ጠርገው፣ ሽታው ሲጠፋ ሞተሩን ያስነሡ። እንቢ ካለ ካንዴላውን አውጥተው ያድርቁት። ተመልሶ ከጠፋ የሪዘርቩ አፍ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ስለሚል ከሥሩ የቀረ ውሃ አለ ማለት ነው፤ ያኔ ታንኩ ወርዶ ሙሉ በሙሉ መራገፍ አለበት። ካርቡሬተር የሌለው፣ ነዳጅ በኤሌክትሪክ የሚረጭ አዲስ ሞዴል ከሆነ ግን አይፍቱት፤ ለባለሙያ ይስጡት።

የወረደውን ቤንዚን በሙሉ አይድፉት። ክዳኑን ገጥመው፣ “ቤንዚን” ብለው ጽፈውበት፣ ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ ያሳድሩት። ሃይላንድ ውስጥ ያለ ቤንዚን ውሃ መስሎ ስለሚታይ የተጠማ ልጅ ሊጠጣው ይችላል። ጠዋት ከላይ ያለውን ጥሩ ቤንዚን በቀስታ ገልብጠው ይጠቀሙበት። ከታች የቀረውን ወደ ወንዝ፣ ወደ ምንጭ ወይም ወደ ማሳ አይድፉ።

አንዳንዶች ቤንዚኑን በነጠላ ያጠሩታል። ጨርቅ አሸዋና ዝገት ይይዛል፤ ውሃውን ግን ያሳልፈዋል። ሌሎች ደግሞ “ውሃውን ያቃጥለዋል” ብለው አረቄ ይጨምራሉ። አረቄ ራሱ ግማሹ ወይም ከዚያ በላይ ውሃ ስለሆነ የባሰ ያደርገዋል። ለእንግዳ ቢያቀርቡት ይሻላል።

ለቤንዚን አንድ ጀሪካን ለይተው ምልክት ያድርጉበት። ከሱቅ የገዙትን ቤንዚን አሳድረው ሲቀዱ ከታች የጣት ውፍረት ያህል ያስቀሩ። የመስኖ ሥራ ሲያበቃ የውሃ መሳቢያ ሞተሩን ታንክና ካርቡሬተር አራግፈው፣ ክዳኑን ገጥመው፣ ዝናብ በማያገኘው ቦታ ያኑሩት።