ማርሚታው ከአስር ሰዓት በፊት

ኅዳር ላይ አጋሮ ዙሪያ ወዳለ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሄዶ «ሞተሩን ለሁለት ቀን አቁሙልኝ» የሚል መካኒክ ዳግመኛ አይጠራም። ቀይ እሸት ቡና ተለቅሞ አያድርም። ጠዋት ከዛፉ የወረደው በዚያው ማታ ካልተፈለፈለ ጆንያው ውስጥ ይሞቃል፣ ይብላላል፣ ጣዕሙ ይበላሻል። ስለዚህ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ መፈልፈያውን የሚያዞረው የናፍጣ ሞተር ቢያነክስም እያነከሰ ይሠራል። ለመካኒክ የሚተርፈው ከጠዋት ጀምሮ እሸቱ በአህያና በአይሱዙ መምጣት እስኪጀምር፣ እስከ አስር ሰዓት ግድም ያለችው ክፍተት ብቻ ናት።

በዚህች ክፍተት ከሚሠሩት ሁሉ በጣም የተናቀው የጭስ ማውጫ ነው። ሰው ዘይት ያያል፣ ፊልትሮ ይቀይራል፣ ኖዝል ያስፈትሻል። ማርሚታውን ግን ጩኸቱ ሰፈር እስኪቀሰቅስ ድረስ ቀና ብሎ የሚያየው የለም።

እኔን ይህን ነገር ያስተማሩኝ ሰው ምጽዋ ላይ በባሕር ኃይል የሞተር ክፍል ያገለገሉ ነበሩ። የካቲት 1982 ዓ.ም. ከተማዋ ከተያዘች በኋላ ኑሮ ወዲያና ወዲህ ሲያንገላታቸው ቆይቶ ጅማ ላይ ጋራዥ ከፈቱ፤ እኛን ባሕር አይተን የማናውቀውን ልጆች ስለ ጀልባ እያወሩ ያሠሩን ነበር። ባለ ሸራ ጀልባ እንኳ ሆዱ ውስጥ ትንሽ የናፍጣ ሞተር አለችው፤ ነፋስ ሲጠፋ ወይም ወደብ ሲገባ የምትነሳ። የናፍጣ ሞተር ጭስ ጭነት ሲበዛበት ከ400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። እንዲህ የጋለ ብረት በጀልባ ሆድ ውስጥ እየተጥመዘመዘ ቢያልፍ እሳት ነው። ስለዚህ ሞተሩን ሲያቀዘቅዝ የቆየው የባሕር ውሃ በመጨረሻ ጭሱ ላይ ይረጫል። የበረደው ጭስ ከውሃው ጋር ተቀላቅሎ፣ ውስጡ ሽቦ ባለው ወፍራም የጎማ ቱቦ ወደ ኋላ ይሄድና ከውሃው ወለል ጥቂት ከፍ ብላ በተበሳች ቀዳዳ ይተፋል።

ያ ጎማ ዘላለማዊ አይደለም። ከውስጥ ይላጥና የራሱን መንገድ ይዘጋል፤ ወይም ፋሸታው የሚያንቀው ጫፍ ላይ ይሰነጠቃል። ጀልባውን ለዚህ ብሎ ወደ የብስ ማውጣት ብዙ ገንዘብ ስለሚጠይቅ እዚያው እንደተንሳፈፈ ይቀየራል። እሳቸው የሚሉት ይህን ነበር፦ አሮጌው ሳይፈታ በፊት የባሕር ውሃ ማስገቢያው ይዘጋ፣ የኋላዋ ቀዳዳ ከውጭ በእንጨት ውታፍ ትወተፍ፣ አዲሱ ቱቦ ተለክቶ፣ ተቆርጦ፣ ከነፋሸታው አጠገብህ ይቀመጥ። ማዕበል ጀልባውን ሲያዘነብለው ያቺ ቀዳዳ ውሃ ውስጥ ትጠልቃለችና ቱቦው በተፈታበት ሰዓት ፋሸታ ፍለጋ ገበያ አይወጣም።

ጅማ ላይ የሚያሰምጥ ባሕር የለም፤ የሚመሽ ቀን ግን አለ።

ጌራ በኩል ባለ አንድ ጣቢያ ያጋጠመኝን ላንሳ። ሞተሩ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ናፍጣ ይጠጣል፣ ጭነት ሲሰጡት ዙሩ ይወርዳል። ኖዝሉ ሁለቴ ተቀይሯል። ጭስ ማውጫው ከተራ የውሃ ቧንቧ የተሠራ፣ ሦስት ቦታ በጎሚቶ የታጠፈ፣ ክብደቱ በሙሉ የሞተሩ ማኒፎልድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ለዚህ ዓይነቱ በሽታ መመርመሪያው ቀላል ነው፦ ቧንቧው ከማኒፎልዱ አጠገብ ይፈታና ሞተሩ ለአፍታ ይነሳል። ጆሮ ቢያደነቁርም ነፍስ ከዘራ ጥፋቱ ቧንቧው ውስጥ ነው። ዘራ። ውስጡ በጥላሸትና በዝገት ተደፍኖ አውራ ጣት የምታልፍበት መንገድ ብቻ ቀርቶታል። ሞተር የተቃጠለውን ካላስወጣ አዲስ አየር የሚያስገባበት ቦታ አያገኝም፤ ያልተቃጠለው ናፍጣ ነው ጥቁር ሆኖ የሚወጣው።

የጣቢያው ኃላፊ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። «አንተ ልጅ፣ ማታ ገበሬው እሸት ጭኖ በር ላይ ሲቆም ምን ልበለው?» አሉኝ። «ነገ ከአስር ሰዓት በፊት አስነሳልዎታለሁ» አልኳቸው። የዕለቱ ቡና ተፈልፍሎ ሞተሩ ሲጠፋ፣ ሌሊቱን የማኒፎልዱ ዳዶዎች ላይ ዝገት የሚያላላ ዘይት አፈሰስንባቸው። የዛገ ብሎን በችኮላ ሲጠመዘዝ አንገቱ ይቆረጣል፤ የተቆረጠውን በመሰርሰሪያ ማውጣት ደግሞ ቀኑን ይበላል። ጅማ ያለው በያጅ ልኩን በስልክ ተቀብሎ አዲሱን ቧንቧ ማታውኑ ጀመረ፦ ከድሮው ሰፋ ያለ፣ አንድ ቦታ ብቻ የታጠፈ። ቧንቧ ሲረዝም መስፋት አለበት፤ እያንዳንዷ መታጠፊያ ጭሱን ወደ ኋላ ትገፋለች። የፍላንጁን ቀዳዳዎች የምንበሳው አዲሱን ጋስኬት ላዩ ላይ አስተኝተን ምልክት እያደረግን ነው።

በነገራችን ላይ ያ የውሃ ቧንቧ ዚንክ የተቀባ ነው። የበየደው ሰው ጭሱን ከሳበ ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጠዋል። ወተት ያረክሰዋል የሚባለው ከንቱ ነው፤ ዚንኩን ከሚበየደው ቦታ ፍቆ ነፋስ ባለበት መበየድ ይሻላል።

ጠዋት ላይ አሮጌው ወረደ። የማኒፎልዱን ፊት እስኪያበራ ፍቀን አዲስ ጋስኬት አስገባን፤ በብረቶቹ ፋንታ የናስ ዳዶ አሰርን፣ ናስ ከብረት ጋር አይጣበቅምና ለከርሞ የሚፈታው ሰው አይረግመንም። በሞተሩና በቧንቧው መካከል ፍሌክሲብል ገባ። ሞተር ሲሠራ ይንቀጠቀጣል፣ ግድግዳ ላይ የታሰረ ቧንቧ ግን አይንቀጠቀጥም፤ መሃላቸው የሚለጠጥ ነገር ከሌለ አንዱ ይሰነጠቃል። ክብደቱን ከጣሪያው ማገር ላይ በሰንሰለት አንጠለጠልነው። ኃላፊው ሁለቴ መጥተው ሰዓታቸውን አይተው ተመለሱ። ከዘጠኝ ሰዓት ትንሽ እንዳለፈ ሞተሩ ተነሣ፤ ጭሱ ከጥቁር ወደ ቀጭን ግራጫ ተለወጠ። ብረቱ ግሎ ከበረደ በኋላ ዳዶዎቹ እንደገና መጥበቅ አለባቸው፤ ይህን የሚዘነጋ ጋስኬቱን በሳምንት ያቃጥላል።

የቧንቧው አፍ ወዴት እንደሚዞር ከኃላፊው ጋር ተከራክረናል። አጭሩ መንገድ ወደ ማድረቂያ አልጋዎቹ ነበር። እኔ እንቢ አልኩ። ቡና የአካባቢውን ሽታ ይጠጣል፣ እርጥብ ሲሆን ደግሞ ይብስበታል፤ የናፍጣ ሽታ የገባበት ቡና ቀማሽ ፊት አይደበቅም። አጋሮ ዙሪያ ባለው ጎማ ወረዳ የሚገኘው የዱሮሚና ኅብረት ሥራ ማኅበር ቡና በ2004 ዓ.ም. በአፍሪካ የቅምሻ ውድድር አንደኛ ወጥቷል። እንዲህ ያለ ቡና በሚበቅልበት አገር አልጋ ላይ ጭስ መንፋት ኃጢአት ነው።

ሌላው ጉዳይ የሰው ነው። ታኅሣሥ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ዘበኛው ሙቀት ፍለጋ ሞተር ቤት ይተኛል። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፤ ደም ውስጥ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ጠበቅ ብሎ ይያዛል። ከሰል ቤት ውስጥ አንድዶ የተኛ ቤተሰብን የሚገድለው ይኸው ጋዝ ነው። ከናፍጣ ሞተር የሚወጣው ከቤንዚን ጄኔሬተር ያነሰ ቢሆንም፣ ቧንቧው በተሰነጠቀበት በተዘጋ ክፍል ውስጥ ማነሱ አያጽናናም። የናፍጣውን ጭስ በጠቅላላው ደግሞ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ሰኔ 2004 ዓ.ም. ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ነገሮች መካከል መድቦታል። ራስ ምታት ያዘኝ የሚል ዘበኛ ካለ መጀመሪያ የሚታየው የማኒፎልዱ አንገት ነው፤ ጋዝ የሚያፈስበት ቦታ በጥቁር ጥላሸት ራሱን ያጋልጣል።

ከዚያ በኋላ ክረምት አለ። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ ያ ሁሉ ሲወርድ የቡና ሞተር ሥራ ፈት ነው። ሽቅብ የቆመ ቧንቧ ክዳን ከሌለው ውሃው በማኒፎልዱ አድርጎ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። ውሃ ደግሞ አይታመቅም፤ መስከረም መጨረሻ ላይ ማንም ሳያይ ሞተሩ በኃይል ቢነሳ ፒስተኑን የያዘው ዘንግ ይጎብጣል። የጀልባ ሰዎችም የሚፈሩት ይህንኑ ነው፤ ቱቧቸውን ሽቅብ አንስተው የሚያጎብጡት ባሕሩ ተመልሶ እንዳይገባ ነው። እኛ ቧንቧው ዝቅ ባለበት ቦታ ትንሽ የውሃ ማፍሰሻ እንበሳለን፤ ሞተሩ ከወራት በኋላ ሲነሳም መጀመሪያ የሲሊንደሩን ቫልቭ ከፍተን በእጅ እናዞረዋለን።

ጥር ላይ ጣቢያው ሲዘጋ ጌራ ተመልሼ የቧንቧውን አፍ በትልቅ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ደፋሁት። ክፉ ነፋስ እንዳይወስደው በሽቦ አሰርኩት፤ ከታች ሞተሩ ላይ ደግሞ በቀይ ቀለም «ጣሳውን ሳታነሱ አታስነሱ» ብዬ ጻፍኩ።