የአገልግሎት ድረ ገጾችን ከመረከብ በፊት የሚካሄደው ፍተሻ ምን ምን ማካተት ይኖርበታል?

መሥሪያ ቤቶች የምዝገባ፣ የፈቃድና የቅሬታ አገልግሎቶቻቸውን በድረ ገጽ ለመስጠት ፕሮግራም ሲያሠሩ፣ በርክክቡ ዕለት ብዙውን ጊዜ የሚታየው የገጹ መልክ ነው። ባለጉዳዩ የሚሞላው ቅጽ ግን የሥራው አንዱ ወገን ብቻ ነው። ቅጹ ሲላክ ሰርቨር በሚባለው አገልጋይ ኮምፒዩተር ላይ የተጫነ ሌላ ፕሮግራም ይቀበለዋል፤ ይመረምረዋል፤ በመረጃ ቋት አስቀምጦም መልስ ይሰጣል። አገልግሎቱ ከተጀመረ በኋላ ባለጉዳይን የሚያጉላሉት ስህተቶች በአብዛኛው የሚገኙት በዚህ በማይታየው ወገን ነው።

ይህን ዓይነቱን ፕሮግራም መጻፍ ለመማር ከፍተኛ ወጪ አይጠይቅም። ራስመስ ሌርዶርፍ እ.ኤ.አ. በ1995 ለሕዝብ ያቀረበው ፒኤችፒ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ፣ አፓቼ የተባለው የድረ ገጽ ሰርቨርና ማይኤስኪውኤል የተባለው የመረጃ ቋት በነጻ የሚገኙ ናቸው። ሦስቱንም በአንድ ላፕቶፕ ላይ ጭኖ ያለ ኢንተርኔት መለማመድ ይቻላል። ይሁንና ለተማሪው መልካም ዕድል የሆነው ይኸው ነገር የመጀመሪያው ወጥመድም ነው። በዊንዶውስ ላፕቶፕ ላይ በፋይል ስም ውስጥ የሚገኙ ትልልቅና ትንንሽ የላቲን ፊደላት ልዩነት ስለማያመጡ ያለ ችግር ይከፈት የነበረ ፋይል፣ ሊኑክስ ወደተጫነበት ሰርቨር ሲዛወር “አልተገኘም” የሚል መልስ ያስከትላል። በመሆኑም “እኔ ዘንድ ይሠራል” የሚለው የባለሙያ ቃል ለርክክብ በቂ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ፍተሻው አገልግሎቱ በሚሰጥበት ሰርቨር ወይም ከእርሱ ጋር በአደረጃጀቱ አንድ በሆነ ሌላ ሰርቨር ላይ መካሄድ አለበት።

ከሁሉም ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው የፊደል ጉዳይ ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ይፋ በሆነው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ተካትቷል። በድረ ገጾች በተለመደው ዩቲኤፍ-8 አሠራር አማርኛ የሚጻፍበት እያንዳንዱ ሆሄ 3 ባይት ይይዛል። “አበበ” 3 ሆሄ ቢሆንም 9 ባይት ነው። ለስም 20 ባይት ብቻ የሚፈቅድ ፕሮግራም ስድስት ሆሄያትን አሳልፎ ሰባተኛውን መሐል ላይ ይቆርጠዋል። ማይኤስኪውኤልም እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው 8.0 እትሙ እስኪለወጥ ድረስ፣ ባለሙያው ሌላ ካልመረጠ በስተቀር መረጃ የሚያስቀምጠው በላቲን ፊደላት ስብስብ ነበር። ጥብቅ ቁጥጥሩ ያልበራ እንደሆነ የአማርኛውን ስም በጥያቄ ምልክቶች ተክቶ ይመዘግባል። ችግሩ በማሳያው ላይ ብቻ ከሆነ ይታረማል። በመረጃ ቋቱ ውስጥ የተቀመጠው ራሱ የጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ስሙ ጠፍቷል፤ ባለጉዳዩ እንደገና ካልተጠራ በስተቀር ማንም ባለሙያ ሊመልሰው አይችልም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ እውቅና በሰጠበት ሁኔታ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። ፈታሹ ስለዚህ ገጹን ብቻ ሳይሆን የመረጃ ቋቱን ጭምር ከፍቶ ማየት ይገባዋል።

በ“ኃይሉ” የተመዘገበ ሰው በ“ሀይሉ” ሲፈለግ መገኘቱም መረጋገጥ አለበት። ስሙ ባለቤቱ እንደጻፈው ተቀምጦ፣ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል፣ ሞክሼ ሆሄያቱ ወደ አንድ የተጠቃለሉበት ሌላ ቅጂ ማዘጋጀት የተሻለው መፍትሔ ነው።

በአፋን ኦሮሞ አጻጻፍ ሁዻ የሚባለው ምልክት ያለበት ስም ሲገባ የሚሰናከል ፕሮግራም ደግሞ ከስሙ የከፋ ነገር ያጋልጣል። ይኸው ነጠላ ጭረት በመረጃ ቋት ትእዛዝ ውስጥ የጽሑፍ መዝጊያ ሆኖ ያገለግላል። መሰናከሉ ባለጉዳዩ የጻፈው ሁሉ ከትእዛዙ ጋር በቀጥታ እየተቀጠለ መሆኑን ያመለክታል፤ ተንኮል ያሰበ ሰውም በዚሁ በር የራሱን ትእዛዝ ሊያስገባ ይችላል። ምልክቱን መከልከል የዜጋን ስም መከልከል ስለሆነ መፍትሔ አይሆንም። ትክክለኛው እርማት ትእዛዙንና መረጃውን ለየብቻ መላክ ነው።

የቀን አቆጣጠሩን ለመፈተሽ ሁለት ቀኖች ይበቃሉ። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. በእርግጥ የነበረ ቀን ስለሆነ ፕሮግራሙ ሊቀበለው፣ ጳጉሜን 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ግን ያልነበረ ስለሆነ ሊመልሰው ይገባል። ሁልጊዜ 8 ዓመት እየደመረ ወደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የሚለውጥ ፕሮግራምም ከመስከረም 1 እስከ አውሮፓውያን አዲስ ዓመት ባሉት ወራት ይሳሳታል፤ በዚያ ጊዜ ልዩነቱ 7 ዓመት ነውና።

ስህተት ሲያጋጥም ዝርዝሩ በባለጉዳዩ ገጽ ላይ ሊወጣ አይገባም፤ የመረጃ ቋቱን አሠራር ለማያውቁት ሰዎች አሳልፎ ሊሰጥ ይችላል። ዝርዝሩ በሰርቨሩ የስህተት መዝገብ ውስጥ ይጻፋል፤ እርማትም የሚጀምረው ያንን መዝገብ በማንበብ ነው። በገጹ ላይ 404 የሚል ቁጥር ከታየ የተጠየቀው ገጽ አልተገኘም፤ 500 ከሆነ ሰርቨሩ ራሱ ሥራውን ማከናወን አልቻለም ማለት ነው። የሥራ ክፍሉ “አይሠራም” ብሎ ከመደወል ይልቅ የታየውን ቁጥር፣ ስህተቱ የደረሰበትን ሰዓትና በቅጹ ላይ የተሞላውን ቢያሳውቅ ባለሙያው ስህተቱን ደግሞ ሊያየው ይችላል። በእርማቱ ወቅት በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ያስፈልጋል፤ ሦስት ነገር አንድ ላይ ከተለወጠ የትኛው እንዳዳነ አይታወቅም። ከተስተካከለ በኋላም ያው ቅጽ በያው ይዘት እንደገና ተሞልቶ መታየት፣ ቀደም ሲል ያለፉት ፍተሻዎችም ዳግም መካሄድ ይኖርባቸዋል፤ አንዱን ስህተት ለማረም የተነካ ኮድ ደህና የነበረውን ሌላ ክፍል የሚያበላሽበት ጊዜ አለና።