“ሞተሃል!” ከተባለ በኋላ…

በዚህ ገጽ ስለ ወጥመድ ሲነሣ መቼም የሚጠበቀው የፍቅር ወጥመድ ነው። ዛሬ ግን ስለ ሌላ ወጥመድ ላጫውታችሁ ነው፤ በወረቀትና በእርሳስ ስለሚሠራው፣ ሰው ሳይነካ ሰው ስለሚያኳርፈው። መሣቅ ካማራችሁ ሣቁ። እኔ ግን በዚህ ነገር የተነሣ ሁለት አብሮ አደጎች ታክሲ ሰልፍ ላይ ፊትና ኋላ ቆመው ሰላምታ ሲነፋፈጉ በዓይኔ አይቻለሁ።

ለማታውቁት ባጭሩ እንዲህ ነው። አምስት ስድስት ሆናችሁ ጠረጴዛ ትከባላችሁ። አንዱ ጨዋታውን ይመራል፤ እኛ “ማስተር” ነው የምንለው። ሌሎቻችሁ እያንዳንዳችሁ የልብ ወለድ ሰው ትሆናላችሁ፤ ጦረኛ፣ አስማተኛ፣ ሌባ፣ የመረጣችሁትን። ማስተሩ “ዋሻ ገባችሁ፤ ፊት ለፊት የብረት በር አለ፤ ምን ታደርጋላችሁ?” ይላል። ትናገራላችሁ። ነገሩ መሳካቱ ሲያጠራጥር ባለ ሃያ ፊት ዳይስ ይወረወራል። አለቀ! ቴሌቪዥን የለ፣ ጆይስቲክ የለ። መብራት ቢጠፋ ሻማ ተለኩሶ ይቀጥላል፤ እንዲያውም ያኔ ነው የሚያምርበት።

የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ አባት “ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ” ይባላል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በፈረንጆች 1974 ነው ያወጡት። ወጥመድ ከመጀመሪያው አብሮት አለ። በዚያ በጥንቱ መጽሐፍ፣ ከሰይፉና ከገመዱ ጋር፣ ሦስት ሜትር ገደማ የሚሆን ዘንግ በዕቃ ዝርዝሩ ላይ ሰፍሮ ነበር። ለምን ይመስላችኋል? ወለሉን ከመርገጥ በፊት ለመጎርጎር ነዋ! በዓመቱ በ1975 በወጣው ተጨማሪ መጽሐፍ ደግሞ “ሌባ” የሚባለው ባለሙያ መጣ፤ ከሥራዎቹ አንዱ ወጥመድ ማክሸፍ ነው።

በዚያው በ1975 ጋይጋክስ “ቱምብ ኦፍ ሆረርስ” የሚባል መቃብር አዘጋጅቶ ባልቲሞር ከተማ በተደረገ የጨዋታ ጉባኤ ላይ አቀረበው፤ በ1978 ታተመ። እኔ ነኝ ያለ ተጫዋች እዚያ ገብቶ ተዋረደ። በጣም የታወቀው ወጥመድ ግድግዳ ላይ የተቀረጸ አረንጓዴ የሰይጣን ፊት ነው። አፉን ከፍቷል፤ ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ ነው። መተላለፊያ መስሎት ዘሎ የገባ ሰው የለም፤ አጥንቱም፣ ሰይፉም፣ ጫማውም አይገኝም። ከጋይጋክስ የቅርብ ተጫዋቾች አንዱ ታዲያ አሽከሮቹን ፊት ፊት እየነዳ፣ እነሱ ሲያልቁ እሱ መጨረሻው ድረስ መድረሱ ይወራለታል። ብልጥ ነው፤ አሽከሮቹን ግን ማን ጠየቃቸው?

የኛ ሠፈር ጣጣ ከዚህ መጽሐፍ ነው የጀመረው። ማስተራችን (ስሙ ይቆየን) አነበበውና ልቡ ጠፋ። “ከእንግዲህ ቀልድ የለም” አለ። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ አላለውም። ያ መቃብር መጀመሪያ የቀረበው ለውድድር ነው። ለውድድሩ የቀረቡት ገጸ ባህርያት አስቀድመው ተሠርተው የታደሉ ናቸው። ጠዋት ተሰጥተውህ ከሰዓት ቢሞቱ ሣቅ ብለህ ቡናህን ትጠጣለህ።

የኛው ልጅ ግን ሰውየውን አሥራ አራት ወር ኖሮበታል። የአንድ ደብተር ግማሽ ጽፎለታል፤ የእናቱን ስም፣ የፈረሱን ቀለም፣ የተበደረውን ገንዘብ ሳይቀር። ልጁ በዚያው ዓመት ሥራ አጥቶ ነበር። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሲቪ ይዞ ይዞራል፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኮንዶሚኒየሟ ውስጥ ሲቀመጥ ግን የሚሰማው ሰው አለ፣ አስተያየቱ ይጠየቃል፣ የወሰነው ነገር ይሆናል።

እና አንድ ቅዳሜ “በሩን እከፍታለሁ” አለ።

“ሞተሃል።”

“እንዴ! ዳይስስ?”

“ዳይስ የለውም።”

“ምን ገደለኝ?”

“በሩ።”

ደብተሩን አጥፎ፣ ጃኬቱን አንሥቶ፣ ቆሎውን እንኳ ሳይጨርስ ወጣ። አራት ወር አልተነጋገሩም። ሁለቱ እኮ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡ ናቸው!

“ለጨዋታ ይኮረፋል?” ያላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። በጊዜው ብዙ ሰው እንደዚያ ብሏል። እኔ አልስማማም። ልጁ ያኮረፈው ስለሞተ አይደለም። ቢሸነፍ ኖሮ ያስተዛዝነናል፣ ጀብዱውን ደግሞ ደጋግሞ ያወራልናል። ያኮረፈው ምንም ነገር ባለማድረጉ ስለሞተ ነው። በር መክፈት ጥፋት ነው? በር ሳይከፈት ጨዋታው ወዴት ይሄዳል?

እስቲ ንግሥት ማክዳን አስቡ። ክብረ ነገሥት እንደሚተርከው ሰሎሞን ከቤቱ ንብረት አንዳች ያለ ፈቃዱ እንዳትወስድ አስማላት፤ እሱም በግድ እንደማይደርስባት ማለ። ራቱ ግን ሆን ተብሎ ውኃ የሚያስጠማ ነበር። ሌሊት ጠማት፤ ውኃው ፊት ለፊቷ ነው፤ አነሣች፤ ተያዘች። የሰሎሞንን ምግባር ተዉት (እኔን ብትጠይቁኝ አልወደድኩለትም)፤ አሠራሩን ብቻ ተመልከቱ። ደንቡ አስቀድሞ ተነግሯል። ምልክቱ፣ ማለት ቅመሙ፣ ምላሷ ላይ ነበር። እጇን የዘረጋችው ራሷ ናት። ስትያዝ “ለካ!” ማለት ትችላለች። ያ “ለካ!” የሚለው ቃል ነው የወጥመድ ነፍሱ። ከኛ ማስተር በር ጀርባ “ለካ” የለም፤ “በሩ” ብቻ ነው ያለው።

ስለዚህ እኔ ማስተር በምሆንበት ጊዜ ወጥመዱን አልደብቅም። ኮሪደሩ ላይ የሚወዛወዝ መጥረቢያ ይኖራል፤ ሁሉም ያየዋል፤ ጥያቄው እንዴት ይታለፋል ነው። የተደበቀ እንዲሆን ከፈለግኩም ዱካ እተውለታለሁ። ከወለሉ ድንጋዮች አንዱ ብቻ አቧራ የለበትም። ወይ ግድግዳው ላይ በደረት ቁመት የደረቀ ደም ተረጭቷል። ወይ የአይጥ አጥንት ከአንድ መስመር ወዲያ ሞልቶ ወዲህ አንድም የለም። ያለ ምልክት ካጠመዳችሁ የሚመጣውን ልንገራችሁ፦ ተጫዋቾቻችሁ ያቺን የሦስት ሜትር ዘንግ ይገዙና እያንዳንዱን ድንጋይ ሲጎረጉሩ ይመሻል። አንድ ቅዳሜ ሙሉ አንድ ኮሪደር! ታክሲ እስኪጠፋ ድረስ ተቀምጠን አልፈን የሄድነው ሃያ ሜትር አይሞላም።

ምልክቱን ደግሞ ለዳይስ አሳልፋችሁ አትስጡ። “15 ወይም ከዚያ በላይ ከመጣ ቁልፉን አገኘህ” ካላችሁ፣ ከሃያው ፊት የሚጠቅመው 6ቱ ብቻ ነው፤ ከመቶ 30 ማለት ነው። ወደፊት የሚያስኬደው ያ ቁልፍ ብቻ ከሆነ ከአሥር ጊዜ ሰባቱን ሁላችሁም ተፋጣችሁ ትቀራላችሁ። ጀስቲን አሌክሳንደር የተባለ አሜሪካዊ የጨዋታ ጸሐፊ የታወቀበት ደንብ አለው፤ ተጫዋቾች እንዲደርሱበት ለምትፈልጉት ለእያንዳንዱ ነገር ቢያንስ ሦስት ፍንጭ አስቀምጡ ይላል። ሒሳቡም ይደግፈዋል። አንዱ ፍንጭ የመገኘት ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ቢሆን፣ ሦስቱም አብረው የሚያመልጡት ከስምንት አንዴ ብቻ ነው። ለእናንተ ፀሐይ የሞቀው ነገር ጠረጴዛው ማዶ ላለው ሰው ጨለማ መሆኑን አትርሱ፤ መልሱን አውቆ ጥያቄ የሚያወጣ ሰው ሁሉ ጥያቄው ቀላል ይመስለዋል።

ይህንን ሁሉ ፈረንጅ ከመጻፉ በፊት አያቶቻችን የጨረሱት አንድ ጉዳይ ደግሞ አለ። “እንቆቅልሽ!” “ምን አውቅልሽ?” መልሱ ካልመጣ ምን ይባላል? “አገር ስጠኝ!” ጎንደርን ሰጥተህ፣ “አልፈልግም” ስትባል ጅማን ጨምረህ፣ መልሱን ትሰማለህ፣ እግረ መንገድህንም በደንብ ትተረባለህ። ከዚያ ሌላ እንቆቅልሽ ይመጣል። ያላወቀ ከፈለ እንጂ ጨዋታው አልቆመም። እኔም እንደዚያው ነው የማደርገው። ሐውልቱ “ሲወለድ ረጅም፣ ሲያረጅ አጭር፤ እንባው ሲፈስ ቤት ይደምቃል” ብሎ ይጠይቃል። (ሻማ ነው፤ እንዳትጨነቁ።) ባይመልሱም በሩ ይከፈታል፤ ግን አገር ይከፍላሉ። የመጨረሻው ችቦ ይጠፋል፣ ወይም የበሩ ጩኸት ውስጥ የተኛውን ነገር ይቀሰቅሰዋል። ጉድጓድ ውስጥ ቢወድቁም ደንቡ ለሦስት ሜትር አንድ ባለ ስድስት ፊት ዳይስ ነው የሚያስከፍለው፤ ያማል፤ ሁልጊዜ ግን አይገድልም።

እስካሁን ከሠራሁት ሁሉ የምኮራበት ቁልፍ አለኝ። ከዓለት በተፈለፈለ ቤት ውስጥ የድንጋይ በር አለ። በሩ ላይ ሦስት የሚዞሩ ቀለበቶች፤ እያንዳንዱ ቀለበት ላይ ከ፩ እስከ ፯ ተቀርጿል። ከላይ “ሰላም ያለ ይግባ” የሚል ጽሑፍ አለ። “ሰላም!” ብሎ መጮኽ አይከፍተውም፤ ሁሉም መጀመሪያ ይሞክረዋል። በተሳሳተ ቁጥር ባዞሩ ቁጥር ክፍሉ ውስጥ ውኃ አንድ ስንዝር ይጨምራል። ሊሆን የሚችለው አደራደር 343 ስለሆነ በግምት የሚዘልቀው የለም፤ ይሰምጣል። ቀደም ባለው ክፍል ግን ወለሉ ላይ የተሰበረ የልጅ የፊደል ገበታ ወድቋል፤ በየዓምዱ አናት ላይ ቁጥር አለው።

በዚያን ጊዜ የአንዷ ተጫዋቻችን ያጎት ልጅ ከዋሽንግተን ለክረምት መጥቶ ነበር። አማርኛ ይሰማል፤ ፊደል አይለይም። የጨዋታ እንቆቅልሽ ዋና ችግሩ እኮ ይኸው ነው፤ የሚፈተነው ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ሰው ነው እንጂ ወረቀቱ ላይ ያለው ጠንቋይ አይደለም። ያን ልጅ ዳር አስቀምጬ አማርኛ እንዳላናግርበት ብዬ ገበታውን ከካርቶን ቀድጄ፣ በኳስ እስክሪብቶ ጽፌ፣ በእጁ ሰጠሁት። ሌሎቹ “ሰላም” የሚለውን ቃል ሲያመነዥኩ አምስት ጊዜ ተሳስተው ውኃው ወገባቸው ደርሷል። ልጁ ካርቶኑን ሲያገላብጥ ቆየና “ይሄ እኮ ሰባት ነው። ያም ሰባት ነው” አለ። ማንበብ ስለማይችል ያየው ቅርጹን ነበር። የነርስ ተማሪዋ ከወንበሯ ተነሥታ “ሰ ግዕዝ! ላ ራብዕ! ም ሳድስ!” ስትል ጎረቤት ግድግዳ ደበደበ። ፩፣ ፬፣ ፮። በሩ ተከፈተ። ልጁ በማግሥቱ አጎቱን “ፊደል አስተምረኝ” እንዳለው ሰምቻለሁ።

ወደ ሁለቱ ኩርፈኞች ልመልሳችሁ። ማስተሩ አንድ ቀን ማኪያቶ ጋበዘኝና “ምን ላድርግ? ሰውየውን ላስነሣለት?” አለኝ። “በጭራሽ” አልኩት። የሞተን አስነሥተህ ስትሰጠው ጨዋታው ሁሉ ቀልድ ይሆናል፤ እሱም ምጽዋት አድርጎ ያየዋል። “ይልቅ ሂድና በሩ ልክ አልነበረም በለው። ስለ ጓደኝነታችሁ ስብከት አታብዛ። ስለ በሩ ብቻ አውራ።” ሄደ። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅኩም፤ ብጠይቅም የሚነግረኝ አይመስለኝም። ከጥምቀት በኋላ በነበረው ቅዳሜ ግን ልጁ አዲስ ደብተር ይዞ፣ አርፍዶ፣ በሩ ጋ ያለችው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

አዲሷ ገጸ ባህርይ ሸክላ ሠሪ ናት። ከሸክላው ሌላ የሦስት ሜትር ዘንግ ትይዛለች፤ ገበያም ስትሄድ፣ ንጉሥ ፊትም ስትቀርብ ከእጇ አትለይም። “ምን ያደርግልሻል?” ስትባል “በር አለ” ትላለች። መጀመሪያ ላይ ማስተሩ ዘግየት ብሎ ነበር የሚሥቀው። አሁን ቀድሞን ይሥቃል።

እና የምትመልሱት ያላሰባችሁት ነገር ሲመጣ እጃችሁን አትሰብስቡ። ባለፈው የኔ ተራ ነበር። አንድ ድንጋይ ሲረገጥ በሩ ይከፈታል፤ እግር ሲነሣ ይዘጋል፤ ስለዚህ አንድ ሰው ወደኋላ ሊቀር ነው። መልሱ ጥግ ላይ ያቆምኩት ሐውልት ነበር፤ ገፍተው ድንጋዩ ላይ ያስቀምጡታል ብዬ ሁለት ቀን ደክሜበታለሁ። ሸክላ ሠሪዋ ሐውልቱን ዞር ብላም አላየችው። “ከዚያ ውኃ ካለበት ክፍል ጭቃ አለ አይደል?” ብላ ጠየቀችኝ። አለ። “እሳትስ?” አለ። አራት እንስራ ሠርታ፣ ተኩሳ፣ ውኃ ሞልታ ድንጋዩ ላይ ደረደረቻቸው። ክብደቱን አስቤ “በሩ ክፍት ሆኖ ቀረ” አልኩ። ሁሉም አለፉ። ሐውልቱ እዚያው ጥግ ላይ ቆሟል፤ ለሌላ ቅዳሜ ይሆነኛል።